የዝምተኛው ተራ

ኮምቦልቻ ውስጥ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» መባባል ከቀረ ቆይቷል። አሁን የሚባለው «ታደሳችሁ?» ነው፤ መልሱም «ታደስን፣ ይመስገን» ነው። ንጋት ላይ በከተማው ያለ በር፣ ምድጃና ቧንቧ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ እድሳቱን ይቀበላል። ከዚያ በሩ በለስላሳ የሴት ድምፅ የዕለቱን ውል ያነባል፣ የቤቱ ሰው «ተስማማሁ» ይላል፣ በሩ ይከፈታል። ውሉን ልብ ብሎ አድምጦ የጨረሰ ሰው አለ ሲባል አልተሰማም። አንዳንድ ቀን ምድጃው ታድሶ ሲነሳ፣ ትናንት ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይጨምር የነበረው እሳት ዛሬ ይጠፋል። የቤቱ ሰው ጥቂት ቀን ወጥ ካሳረረ በኋላ ይለምደዋል፤ በለመደው ማግስት ደግሞ ይቀየራል።

ዙሪያሽ በላይ ይህን ሁሉ እንደማንኛውም ሰው ተሸክማ ትኖር ነበር። ድሮ፣ የኮምፒውተር ትምህርት የሚባል ነገር በነበረበት ዘመን፣ አስተማሪ ነበረች። ትምህርቱ «አስፈላጊነቱ አብቅቷል» ተብሎ ሲሰረዝ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ፈቃጅ ሆና ተቀጠረች። ፈቃጅ ማለት ማሽኑ «ልቀጥል?» ብሎ ሲጠይቅ «ቀጥል» የሚል ሰው ነው። ሕጉ ሰው እንዲጠየቅ ያዛል። አንድ ቀን ዙሪያሽ ለሙከራ ያህል «አትቀጥል» ብላው ነበር። ማሽኑ አመስግኗት ቀጠለ።

ባሏ ሲራክ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ ወዲህ ቤት ነው የሚውለው። ስኳር አለበት። ሆዱ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ተለጥፋበታለች። በቀጭን ቱቦ ኢንሱሊን ትሰጠዋለች፤ ቀንና ሌሊት ትንሽ ትንሽ፣ በቁርስ፣ በምሳና በእራት ሰዓት ደግሞ ጠቅ ጠቅ እያለች አብዝታ። ስክሪንም ቁልፍም የላትም። መድኃኒቱ የሚመጣው ታሽጎ ነው፤ እሽጉን መክፈት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። በመርፌ መወጋት ድሮ ቀርቷል። ሲራክ «አማቴ» ይላታል፣ ሳትጠራ ሆዱ ውስጥ ስለምትገባ።

በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ ጠዋት በሩ ውሉን አንብቦ ሲያበቃ አንድ ነገር ጨመረ።

«ክቡር ደንበኛችን፣ የሚጠቀሙበት የኢንሱሊን መሣሪያ ሞዴል ከእድሳት ውጪ ሆኗል። እስከ መጪው እሑድ ንጋት ያገለግልዎታል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

«ትዕግሥቴን ማን ነገራቸው?» አለ ሲራክ።

መቀለዱ ነበር። እጁ ግን ሸሚዙ ላይ፣ መሣሪያዋ ባለችበት ቦታ ላይ ቀረ። ዙሪያሽ ወደ ክሊኒክ ሄደች፤ የክሊኒኩ በር አዲሱ ሞዴል መቼ እንደሚገባ መረጃ እንደሌለው በትሕትና ነግሮ መለሳት። እሑድ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ከእድሳት ውጪ መሆን ምን እንደሆነ ሰፈሩ በደንብ ያውቃል፤ በዕቃ ብቻ ሳይሆን በሰውም አይቶታል። አምና ጡረተኛው አቶ ወንድይፍራው ቤት ውስጥ ያልታደሰ ዕቃ ተገኘ። የሟች ሚስታቸው ድምፅ ያለበት አሮጌ ስልክ ነበር፤ ከታደሰ ድምፁ ይጠፋል ብለው ደብቀውት ኖረዋል። ማንም አላሰራቸውም፣ ማንም አልመታቸውም። ስማቸው ብቻ ከመዝገብ ወጣ። በማግስቱ ከራሳቸው ቤት ደጃፍ ቆመው «እኔ ነኝ» ቢሉ በሩ «እንግዳ መጥቷል፤ ስም ይንገሩ» አላቸው። ስማቸውን ሲናገሩ «አላውቅዎትም» አለ። ታክሲ አይቆምላቸው፣ ሱቅ አይሸጥላቸው፣ ቧንቧ በእጃቸው አይከፈት። ዝናብ እየወረደባቸው ቆመው ሰው ሁሉ በጎናቸው እያለፈ ወደ ሥራው ሄደ፤ ዙሪያሽም አልፋለች። ከዚያ አንድ ቀን በቦታው አልነበሩም። የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ የለም።

ስለዚህ ሐሙስ ማታ ጎሚስታው ጋሽ ሰይድ መጥተው ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ ርቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያናግሯት ዙሪያሽ በሩ እንዳይሰማቸው ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

«ሰማሁ የሲራክን ነገር» አሉ። «እቁብ ትገቢያለሽ?»

«የምን እቁብ ጋሽ ሰይድ? በዚህ ሰዓት?»

«የዝምተኛውን።»

የዝምተኛው እቁብ ገንዘብ የለበትም። ዳኛ የለው፣ ጸሐፊ የለው። የሚዞረው ዝምተኛው የሚባል አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ሊኑክስ የሚባል ማንም የማይቆልፈው የኮምፒውተር ሥርዓት ተጭኖበታል፣ ከተሠራ ጀምሮ ከመረብ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፣ ስለዚህም ማንም አያድሰውም፣ ማንም አይዘጋውም። አብራው የምትዞር አንዲት ፍላሽ አለች። በፍላሿ ላይ ከእድሳት የወጡ የሕክምና መሣሪያዎች ፕሮግራሞች አሉ፤ የተዘጋጁት ሳይሆኑ ምንጮቻቸው፣ ሰው የጻፋቸው ሰውም ሊያነባቸው የሚችል ጽሑፎች፣ ነገሩ ሁሉ ሳይቆለፍ በፊት አንድ ደግ ሰው የገለበጣቸው። ተራው የደረሰው ሰው ምንጩን በዝምተኛው ላይ ገንብቶ ወደ መሣሪያው ይጭናል። የእቁቡ ደንብ አንድ ነው፤ ከማን እንደተቀበልክና ለማን እንደምታስረክብ ታውቃለህ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቅም። ያላወቁትን ደግሞ ማንም አያወጣጣም።

«ቅዳሜ ንጋት ከበሩ መከፈት በኋላ በበሶ ከረጢት አድርጌ አመጣልሻለሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ለሞሚና ታቀብያለሽ፤ ልብስ ሰፊዋን ታውቂያት የለ? የሷ ልጅም እንደ ሲራክ ናት። የኔ ባለቤት መሣሪያ የልብ ነው፤ ፕሮግራሙ ሌላ ነው፣ ላንቺ አይሆንም። ከባዶ ነው የምትጀምሪው።»

«አስተምረው ነበር እኮ ይሄን» አለች ዙሪያሽ፣ ለራሷ እንደመናገር።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ተራሽ ወደ ፊት የመጣው። ስሚ፣ ኤሌክትሪኩን ከምድጃው ጀርባ ውሰጂ። ቆጣሪው ስሙን የማያውቀው ነገር ሲበላ ካየ ይጠይቃል፤ ረጅም ጊዜ የሚበስል ነገር ጣጂና በሱ ተከለይ። ደግሞ የውስጥ ሰዓቱ ባትሪ ሞቷል፤ በጠፋ ቁጥር ይረሳል። ስታበሪው ቀኑን ንገሪው።»

ከእሷ በኋላ ስንት ሰው እንዳለ ልትጠይቃቸው ፈለገችና ደንቡ ትዝ ብሏት ተወችው። ስንትም ይሁኑ፣ እሑድ ለሁሉም እሑድ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስንዴና ሽምብራ ጣደች። ንፍሮ የመረጠችው ለመብሰል ጊዜ ስለሚፈጅ ነው። ሲራክ ከመስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ደጁን ይጠብቃል። እሷ ማዕድ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ዝምተኛውን ከበሶው ውስጥ አወጣችውና ዱቄቱን በቀሚሷ ጠረገችው። ሲበራ ስዕል የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ውልም አያነብም። ጥቁር ስክሪንና አንዲት ብልጭ የምትል ነጭ ሰረዝ። ምን ልርዳሽ አላላትም። ዙሪያሽ እንዲህ ያለ ነገር ካየች ስንት ዘመኗ! እንባዋ መጣ፤ ጣቶቿ ግን ከራሷ ቀድመው ፊደሎቹን አስታወሱ።

ማሽኑ ሞቶ እንደተነሳ ሰው ዘመኑን አያውቅም። ዙሪያሽ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ግድግዳው እንደወትሮው ከዛሬ የአየር ሁኔታ ጋር ቀኑንና ሰዓቱን ጽፏል፤ ሚያዝያ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። እንዳለ ገልብጣ ሰጠችው። ከዚያ የፕሮግራሙን ጥቅል ፈታችና የማዋቀሪያውን ትእዛዝ ጻፈች። ማሽኑ ያለውንና የሌለውን እየፈተሸ መስመር በመስመር መውረድ ጀመረ፤ ወዲያው ቆመ። አዲስ የፈጠርኩት ፋይል ከጥንቶቹ ፋይሎች ያረጀ ሆኖ አገኘሁት፣ የሲስተምህን ሰዓት ተመልከት፣ ይላል በእንግሊዝኛ።

«ምን አለ?» አለ ሲራክ።

«ፋይሎቹ ገና ወደፊት ነው የሚጻፉት ይላል።»

«ጥሩ፤ እነሱ እስኪጻፉ እኔ እጠብቃለኋ።»

ዙሪያሽ አልሳቀችም። ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ከዚያ ገባትና በመዳፏ ግንባሯን መታች። የማሽን ዘመን የፈረንጅ ነው! ይህን እንኳ ታስተምር አልነበረም? ስምንት ዓመት ጨመረች፣ ወሩንና ቀኑን ቀየረች፣ የቀረውን እንዳለ ተወችና እንደገና አዘዘችው። ማሽኑ ያለ ምንም ቅሬታ ወረደ።

«ስምንት ዓመት በአንድ ጊዜ አስረጀሽው» አለ ሲራክ።

«ዝም በል፤ ደጁን ጠብቅ» አለች። ደስ ብሏት ነበር፤ አስተማሪነቷ ተመልሶ ትከሻዋ ላይ እንደ ጋቢ አርፎባታል።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ማሽኑ እንደገና ቆመ፤ አንድ የሚያስፈልገው ነገር ጎድሏል። ፍላሿ ላይ ፈልጋ አገኘችው፣ ገነባችው፤ እሱም ሌላ ፈለገ። ሌላውንም አገኘች። ሦስተኛው ግን የለም። ፍላሿን ከላይ እስከ ታች አገላበጠችው፣ የለም። ድሮ ቢሆን ከመረብ ላይ በአንድ ትእዛዝ ይወርድ ነበር፤ አሁን መረቡ ያለው ከግድግዳው ውስጥ ነው፣ መረቡን መንካት ማለት ደግሞ እጅ መስጠት ነው።  ምንጩን ከፍታ ማንበብ ጀመረች። ይህ የጎደለው ነገር ለምን ነበር የሚፈለገው? ቆይታ አገኘችው። መሣሪያዋ ሰዓት ሲጠፋባት ከመረቡ የምትጠይቅበት ክፍል ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም።

«መረብ አትፈልግም እኮ!» አለች ጮክ ብላ፤ ደንግጣም አፏን ያዘች። ያለዚያኛው ክፍል ይገንባ ብላ አዘዘች። መሣሪያዋ ሰዓቷን ከዝምተኛው ትወስዳለች፤ በቃ። በዚህ ጊዜ ማሽኑ የሚቆምበት ምክንያት አጣ። ግንባታው ተጀመረ፤ ነጫጭ መስመሮች እንደ ወንዝ መውረድ ጀመሩ፣ የውስጡ ማራገቢያ ማፏጨት ጀመረ፣ ንፍሮውም አብሮ ይንተከተካል።

«ዙሪያ» አለ ሲራክ ድምፁን ሳያነሳ። «እትዬ አመለወርቅ።»

ወይዘሮ አመለወርቅ የሰፈሩ የእድሳት ተጠሪ ናቸው። ክፉ ሴት አይደሉም። ጠያቂ ናቸው፣ ታማሚ ይጎበኛሉ፣ የቸገረው ያዋያቸዋል፤ ያዩትን ደግሞ አይደብቁም፣ መደበቅ ኃጢአት ይመስላቸዋል። አቶ ወንድይፍራውን ያገኟቸውም ሊጠይቋቸው ሄደው ነው። ዙሪያሽ ዝምተኛውን ግድግዳው ጥግ አስጠግታ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ደፋችበት። በሩ እንግዳ መምጣቱን ተናገረ፤ ተጠሪ ስለሆኑም ሳይፈቀድላቸው ከፈተላቸው።

«ታደሳችሁ?»

«ታደስን፣ ይመስገን። ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ።»

ሴትዮዋ ማዕድ ቤቱ ድረስ ዘልቀው ገቡ። አፍንጫቸውን ወደ ድስቱ አዞሩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ንፍሮ? ማን ሞተ?»

ዙሪያሽ ድስቱን ከደነች። ያላሰበችው ነገር ነበር። ሰው ሳይሞት በዚህ ሁሉ ድስት ንፍሮ የሚቀቅል ቤት አለ? ከሳፋው ሥር ማራገቢያው ትንፋሽ አጥሮት መጮህ ጀመረ፤ የታፈነ ነገር ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይጮሃል።

ሲራክ ከበርጩማው ሳይነሳ «እኔ ነኝ እትዬ» አለ። «እሑድ እኔው ነኝ የምሞተው። ቀድመሽ ቀቅዪልኝ፣ የቀብሬን ልቅመስ አልኳት።»

 የወይዘሮ አመለወርቅ ዓይን እንባ ሞላና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ስለ መሣሪያዋ ሰምተዋል፤ በዝርዝራቸው ላይ አለ። ዙሪያሽም አለቀሰች፣ ጮክ ብላ፣ የማራገቢያውን ድምፅ እስክትውጠው ድረስ አለቀሰች። የውሸት ብላ የጀመረችው ለቅሶ ሳታስበው እውነት ሆኖ አረፈው፤ ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው፣ ሲራክ እያየ፣ ዝምተኛው በእግራቸው ሥር እየገነባ ተላቀሱ። ወይዘሮ አመለወርቅ አንድ እፍኝ ንፍሮ ተቀብለው ወጡ። በሩ ላይ ዞር ብለው «ያ የሚጮኸው ምድጃው ነው?» አሉ። «ነው» አለች ዙሪያሽ። «ነገ ሲታደስ ይተዋል» አሉ።

ሳፋውን ስታነሳው ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ቆመዋል። ስሕተት የሚል ቃል ፈለገች፤ የለም። አልቋል።

የሲራክን ሸሚዝ ገልባ የዝምተኛውን ገመድ ከመሣሪያዋ ጋር አገናኘች። መጀመሪያ የድሮው ፕሮግራም ተደመሰሰ። መሣሪያዋ ሞተች። አዲሱ እየገባ ሳለ ሲራክ ጣሪያውን ያያል፣ ዙሪያሽ ሆዱን ታያለች። ከዚያ መሣሪያዋ አንድ ጊዜ ንዝር አለችና ሰዓቷን ከዝምተኛው ተቀብላ ሥራ ጀመረች። ምሳ አቅርበው ጠበቁ። ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ልክ እንደወትሮዋ፣ ጠቅ ጠቅ አለች። ሲራክ እንጀራውን ጣል አድርጎ የሚስቱን እጅ ሳመ።

ያን ጊዜ ነው ዙሪያሽ ስለ ሌሎቹ ያሰበችው። እያንዳንዱ ሰው እንደሷ ከባዶ ቢጀምር እሑድ ከመድረሱ በፊት ዝምተኛው ከሁለት ቤት በላይ አይደርስም። ፕሮግራሙ ግን አሁን ተሠርቶ አልቋል፣ ዘመኑም ተስተካክሏል፤ ሳይጠፋ ከዞረ ለሚቀበለው ሰው ገመዱን መሰካት ብቻ ነው የሚቀረው። ሞሚና ቤት ጉርድ ልታሳጥር የሄደች መስላ ከረጢቱን አቀበለቻት።

«እንዳታጠፊው» አለቻት በጆሮዋ። «ሰዓቱን እኔ አስተካክዬዋለሁ። ሰክተሽ ወዲያው አሳልፊ። ለሚቀጥለውም እንደዚሁ ንገሪው።»

«አላህ ይስጥልኝ እቴ» አለች ሞሚና፤ ትንሿ ልጇ ራውዳ ከስፌት መኪናው ሥር የጨርቅ ቁራጭ ትለቅማለች። «ለኔ ብቻ አይደለም ያደረግሽው።»

ማታ እራት ላይ መሣሪያዋ ጠቅ ጠቅ አለች። ባልና ሚስት ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ ሰው ጸጥ ብለው አዳመጧትና ተኙ። ዙሪያሽ ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

የቀሰቀሳት እርጥበቱ ነው። አንሶላው በላብ ርሷል። ገና አልነጋም፣ ሊነጋ ግን ነው፤ የቤቱ ዕቃ ሁሉ ለእድሳቱ ጸጥ ብሏል። «ሲራክ» አለች። አልመለሰም። ነቀነቀችው፤ ዓይኑን ከፈተ፣ ዓይኑ ግን እሷን አያይም። ቆዳው በረዶ ነው። ከንፈሩ አንድ የማይያዝ ነገር ያጉተመትማል። ይህን ታውቀዋለች፤ ስኳሩ ወርዷል፣ ወትሮ ከሚወርደው በላይ ወርዷል። ወደ ማዕድ ቤት ሮጠች፣ ማር አገኘች፣ በጣቷ ድዱንና የጉንጩን ውስጥ ቀባችው። ደግማ ቀባችው። እየጸለየች ይሁን እየተሳደበች እሷም አታውቅም። በመጨረሻ ምላሱ ተንቀሳቀሰና ጣቷን ላሰ፤ ቀና አድርጋ ስኳር በውሃ በጥብጣ በማንኪያ ሰጠችው፣ ዋጠ።

ለምን? ማታ በልቷል። መሣሪያዋም ማታ ጠቅ ስትል ሰምተዋታል።

እድሳቱ አለቀና በሩ ነቃ። «እንደምን አደሩ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። የዕለቱ ውል እንደሚከተለው ነው» አለ።

ዙሪያሽ ማንኪያውን እንደያዘች ደረቀች። አሥራ ሁለት የሰው ነው። ለማሽን አሁን ስድስት ሰዓት ነው፤ ማሽን ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፋ ያስተማረችው እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ ግን ግድግዳውም ስልኩም በሩም ራሱ እየለወጠ በአገሬው ሰዓት ስለሚነግር፣ ሰዓት የሚሞላ ሰው በከተማው አልቀረም። ትናንት ስምንት ዓመት አርሜአለሁ ብላ ስትኩራራ ስድስቷን ሰዓት እንዳለች ትታታለች። መሣሪያዋ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ምሳ ላይ ጠቅ ያለችው ቁርስ መስሏት ነው። እራት ላይ ጠቅ ያለችው ምሳ መስሏት ነው። የእራቱን ደግሞ ሲራክ ተኝቶ፣ ባዶ ሆዱን ሳለ፣ ሞልታ ሰጠችው።

እንዳታጠፊው። ሰዓቱን እኔ አስተካክዬዋለሁ።

«ራውዳ» አለች።

ሲራክ ዓይኑ ወደ እሷ ተመልሷል። የሆነውን በሁለት ቃል ነገረችው። በሩ ውሉን ያነባል፤ አይቸኩልም፣ ሊቋረጥም አይችልም። በዚህ ሰዓት የሚሮጥን ሰው የመንገዱ መብራት ምሰሶዎች ይከተሉታል፤ የማን ቤት እንደሚያንኳኳ ያያሉ፣ የተንኳኳበት ሰው ወጥቶ ከሮጠም ወዴት እንደሮጠ ያያሉ። ዝምተኛው ለዓመታት ያልተያዘው ማንም ለማንም ስላልሮጠ ነው። አሁን ቤቷ ቁጭ ብትል ማንም አያውቅባትም። ሲራክ ድኗል፤ መሣሪያዋ ተሳስታም ቢሆን ትሠራለች፣ የሚበላበትን ሰዓት ለእሷ ማመቻቸት ብቻ ነው። ዙሪያሽ ይህን ሁሉ አሰበች። ፈራች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። አቶ ወንድይፍራው በዝናብ ውስጥ ታዩዋት።

«ከሄድሽ ያውቁሻል» አለ ሲራክ በደከመ ድምፅ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

የትናንቱን ንፍሮ በሳህን ጭና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «ይሄን ብላ። ሁሉንም ብላ» አለችው። በሩ «ይስማማሉ?» አለ። «ተስማማሁ» ብላ ወጣች፣ የማሩን ጠርሙስ በእጇ እንደያዘች።

ሮጠች። ነጠላ እንኳ አልደረበችም። በጎዳናው ላይ ማንም የለም፤ ከኋላዋ ግን የምሰሶዎቹ መብራት አንድ በአንድ እየደመቀ ይከተላታል። ሞሚና ቤት ስትደርስ በሩን ትታ መስኮቱን በመዳፏ ደበደበች። ሞሚና ለበሩ «ተስማማሁ» ብላ ፀጉሯን ሳትሸፍን ወጣች፤ የዙሪያሽን ፊት ስታይ ገና ምንም ሳትሰማ ደረቷን ያዘች።

«ልጅቷ የት አለች?»

«ተኝታለች። ትንሽ አልቧታል፣ አልቀሰቀስኳትም... ምን ሆነሽ ነው እቴ?»

ራውዳ ፍራሹ ላይ ተጠቅልላለች፤ የአንገቷ ፀጉር በላብ ተጣብቋል። ዙሪያሽ ተንበርክካ ማሩን ቀባቻት። ልጅቷ አላሰችም። ዙሪያሽ እየቀባች፣ ዞር ሳትል፣ ነገሩን ለሞሚና ነገረቻት፤ ስሕተቱ የኔ ነው፣ ሰዓቱ ተሳስቷል፣ ትናንት የተቀበለው ሁሉ አሁን እንደዚህ ነው።

«ያ ረቢ!» አለች ሞሚና። «ማታውኑ አሳለፍኩት። በአንድ ምሽት ስንት ቤት እንደዞረ ማን ያውቃል? የሰጠሁት ሰው ቤቱ...»

«እንዳትነግሪኝ! ስሙን አልስማ። ራስሽ ሩጪ። እሱም ወደሰጠው ይሩጥ።»

ሞሚና ልጇን አየች። የትኛዋም እናት በዚያ ሰዓት ከዚያ ፍራሽ አጠገብ የምትነሳ አይደለችም። ሞሚና ተነሳች። ጎንበስ ብላ የራውዳን ግንባር ሳመች፣ ዙሪያሽን «በአላህ፣ አደራሽን» አለቻት፣ ሻሿን እያሰረች ወጣች።

በመስኮቱ በኩል መንገዱ ቁልቁል ይታያል። ሞሚና ስትሮጥ መብራቱ አብሯት ሮጠ። አንድ በር ላይ ቆማ ደበደበች። ከዚያ በር አንድ ሽማግሌ በጋቢ ወጡ፣ ሰሙ፣ ወደ ቤት ተመለሱ፣ ከዚያ በሳቸው ፈንታ አንዲት ሴት ባዶ እግሯን ወጥታ ወደ ገበያው በኩል ሮጠች፤ መብራቱ ለሁለት ተከፍሎ ተከተላት። ከገበያው ባሻገር ሌላ መብራት ደመቀ፣ ከሱም ወዲያ ሌላ። ለዓመታት ተደብቆ የኖረው እቁብ በሙሉ፣ ከቤት ወደ ቤት፣ ከተማው ላይ በርቶ ታየ። ዙሪያሽ ከዚህ በላይ አላየችም። ልጅቷን ወደ ጭኗ ሳበችና ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረች።

ከኋላዋ የሞሚና በር ዘግይቶ አስተዋላት። በለስላሳው የሴት ድምፅም ተናገረ።

«እንግዳ መጥቷል። ስም ይንገሩ።»

ዝም ማለት ይቻላል። ዝም ካሉ በሩ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ከዚያ ተጠሪዋን ይጠራል፤ መጥሪያው ሲሰማ ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፣ የታመመም ቢሆን። የራውዳ ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ምላሷ ወጣችና የማሩን ጠርዝ ነካች።

«እንግዳ መጥቷል። ስም ይንገሩ።»

«ዙሪያሽ በላይ» አለች ዙሪያሽ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠራ አስተማሪ። «ዙሪያሽ በላይ ነኝ።»

በሩ መዘገበ። ራውዳ ዋጠች። ዙሪያሽ ጣቷን እንደገና ማሩ ውስጥ ነከረች።